የሣር ኮሚቴ ሰብሳቢ

ስብሰባ ላይ አፍ መከፈት ያለበት ለማዛጋት ብቻ እንደሆነ ያወቅኩት በሣር ምክንያት ነው። ሌላው ሰው ይህን ትምህርት ከአባቱ በነጻ ያገኘዋል። የእኔም አባት ነግረውኝ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ሲነግሩኝ እያዛጋሁ ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። የምንኖረው ከላምበረት ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ከተማ ነው ሲሉት ገጠር፣ ገጠር ነው ሲሉት ከተማ በሚሆን ሰፈር ነበር። ጠዋት ፋይል በብብቱ ሸጉጦ አውቶቡስ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ ጫማውን ገልብጣችሁ ብታዩት እበት አታጡበትም። ላም ያለን አሥራ አራት ቤተሰቦች ነበርን። እኔም ዳልቻ የምትባል አንዲት ላም ነበረችኝ። “ነበረችኝ” ስል ለወጉ ያህል ነው፤ ላሟ የባለቤቴ የሙሉነሽ ናት፣ ስንጋባ እናቷ የሰጧት። ሙሉነሽ ስትቆጣ “እኔና ላሜ” ትላለች። እዚያ ውስጥ እኔ የለሁበትም።

ከሰፈሩ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከመጀመሩ በፊት፣ አንድ የጋራ ግጦሽ አለ። ላሞቹ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይርመሰመሳሉ። ሣሩ ብቅ ሲል ይነጩታል፣ ደግሞ ብቅ ሲል ይነጩታል፤ በጋ ሲገባ ሜዳው ራሰ በራ ይሆናል። ያን ጊዜ ላም ያለው ሁሉ ጭድ ፍለጋ ይራወጣል። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ የሚግጡት ያጡ ላሞች አጥር ጥሰው የቀበሌውን ጎመን በሉ። ጎመኑ ተራ ጎመን አይምሰላችሁ፤ በዘመቻ የተተከለ ጎመን ነው። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ሁላችንም ወደ ቀበሌ አዳራሽ ተጠራን።

የቀበሌው ሊቀመንበር የእኔ እኩያ የሆነ፣ ቀደም ሲል ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው ነው። በሌለበት “አንተ”፣ ባለበት “እርስዎ” እንለዋለን። መቼ ከኋላችን እንደሚቆም ስለማይታወቅ አንዳንዶቻችን በሌለበትም “እርስዎ” ማለት ጀምረን ነበር። ያን ቀን ተነሥቶ ቆመና፣

“ይኼ የላም ጥፋት ነው ወይስ ከላሟ ጀርባ የቆመ ሰው አለ?” ሲል ጠየቀ።

በዚያ ዘመን ከማንኛውም ነገር ጀርባ መቆም ጥሩ አልነበረም። እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ። ሌላው ሰው ሲፈራ ምላሱ ይታሰራል፤ የእኔ ይፈታል። ሌላው ሲጨንቀው ላብ ያልበዋል፤ እኔ ንግግር አደርጋለሁ። ሳላስበው ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

እንጀራ የምበላው ከእርሻ ጋር በተያያዘ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ሆኜ ነበር። በዚያው ሰሞን ስለ ግጦሽ አያያዝ የተጻፈ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ታይፕ አድርጌያለሁ። ሦስት ጊዜ የሆነው ሁለቴ ስለተሳሳትኩ ነው። ስለዚህ በሰፈራችን ውስጥ ስለ ሣር ሦስት ጊዜ ያነበበ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

“ጓዶች!” አልኩ፤ “ሣርም እንደ ሰው እረፍት ይፈልጋል። ሜዳውን አራት ቦታ እንክፈለው። ላሞቹ አንዱን ሲግጡ ሌላው ያገግማል። ከአራቱ አንዱን ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ማንም እንዳይነካው እንከልክለው። ጥቅምት ላይ አጭደን፣ አድርቀን፣ ድርቆሽ አድርገን እንከምረዋለን፤ በበጋ በተራ እናበላለን። እመኑኝ፣ ከእንግዲህ ከእኛ ውስጥ ጭድ የሚገዛ አይኖርም!”

“እመኑኝ” የሚለው መጽሐፉ ውስጥ የለም። ከራሴ የጨመርኩት እሱን ብቻ ነው።

ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰበና “የሣር ኮሚቴ ይቋቋም” አለ። ሰብሳቢው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የአዳራሹ እጅ በሙሉ ወጣ። ያላወጣችው ሙሉነሽ ብቻ ናት። እሷ ታውቀኛለች።

ሰኔ ላይ ሜዳውን በድንጋይና በቃጫ ገመድ አራት ቦታ ከፈልነው። ላሞቹ ስብሰባው ላይ ስላልነበሩ ውሳኔው አልደረሳቸውም። ገመዱን በመጀመሪያ ያለፈችው ላም፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ የሰብሳቢው ላም ናት። ዳልቻ ገመዱን አንገቷ ላይ እንደ ማተብ አድርጋ፣ የተከለከለው ቦታ መካከል ቆማ ስታመነዥክ ሰፈር ሁሉ ተሰብስቦ አየ። “የበላይ አካል ይግጥ እንጂ!” አለ አንዱ።

አባባ ጉተማን ያወቅኳቸው ያን ቀን ነው። እንጦጦ ላይ ገብስ የሚያርሱ፣ ከከብት ጋር ያረጁ ሽማግሌ ናቸው፤ ወደ ገበያ ሲወርዱ መንገዳቸው በሜዳው በኩል ነው። ቆመው ገመዱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግመው ገመዱን አዩና፣

“ይኼን ያሰርከው ለላሚቱ ነው ለራስህ?” አሉ።

“ለላሞቹ ነው አባባ።”

“ላም ገመድ የምታውቀው አንገቷ ላይ ነው። እሾህ ጣልበት።”

ቀጋና አጋም ቆርጠን አራተኛውን ቦታ ዙሪያውን አጠርነው። ዋጋውን እጄና ሱሪዬ ቢከፍሉትም አጥሩ ሠራ። ሐምሌ ሲገባ ሣሩ ቁርጭምጭሚት ደረሰ፤ ነሐሴ ሲገባ ጉልበት። ሌሎቹ ሦስት ቦታዎችም በየተራ እያረፉ አረንጓዴ ሆኑ፣ ላሞቹም ጎናቸው ሞላ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ኮፍያውን ያነሣልኝ ጀመር። እኔ ግን ሣሩ ባደገ ቁጥር ሥጋዬ አለቀ። ዝናብ ሲዘንብ “ሊበሰብስ ነው” እላለሁ፤ ሲያባራ “ሊደርቅ ነው” እላለሁ። በረዶ የጣለ ቀን ታይፕ እያደረግኩ የነበረውን ደብዳቤ ትቼ መስኮት ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ሽቅብ ወጥቼ ሣሩን ካላየሁት ቀኑ ቀን አይሆንልኝም። አለቃዬ የማረፍድበትን ምክንያት ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኳቸው። የጤና ፈቃድ ይሰጠው ብለው ጻፉልኝ፤ እኔው ታይፕ አደረግኩት።

ጭንቀቴን ያባሱት እትዬ የሺ ናቸው። ከእኛ ቤት ሦስተኛው ቤት የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። በዚህ ዓለም ላይ ያለቻቸው ቦራ የምትባል አንዲት ላም ናት። የሚበሉት ከቦራ፣ የሚለብሱት ከቦራ፣ ዕድር የሚከፍሉትም ከቦራ ነው። ቦራ በዚያ ክረምት ነጥፋ ነበር፤ ከብዳለች፤ የምትወልደው ጥር ላይ ነው። ሜዳው ራሰ በራ በሚሆንበት፣ ጭድ በሚወደድበት ወር ማለት ነው። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ቤታችን መጡ።

“ወንድሜ፣ አንተን አምኜ ዘንድሮ ለጭድ ያስቀመጥኳትን ቆርቆሮ ገዛሁባት” አሉኝ። “ጣራው እንዴት እንደሚያፈስ ታውቅ የለ? ድርቆሽ ይኖራል ብለሃል።”

“ይኖራል እትዬ የሺ።”

“እመኑኝ አላልክም?”

“ብያለሁ።”

“እንግዲህ ቦራን ለአንተ ሰጥቻለሁ” ብለው ሄዱ።

ሙሉነሽ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። “ላም ሳይኖርህ ሁለት ላም ሆነብህ” አለችኝ።

በማግሥቱ አጥሩን በእጥፍ አወፈርኩት። አባባ ጉተማ ሲያልፉ ቆመው ሥራዬን መረመሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። “ከላም ጠብቀሃል” አሉ፤ “ላም ግን ማጭድ አትይዝም።” እንዴት ያለ የአዋቂ አነጋገር ነው ብዬ ደስ አለኝ። ትርጉሙን ልጠይቃቸው አላሰብኩም።

ትርጉሙን ያገኘሁት በዓመት መለወጫ ዋዜማ ነው። ቢሮ ቀደም ብለን ተለቀቅን፤ በዘጠኝ ሰዓት ቤቴ ገባሁ። በሩን ስከፍት ቤቱ ተጎዝጉዟል። ምን ዓይነት ሣር! ረጅም፣ ለስላሳ፣ ለምለም፤ ሽታው ብቻ ያጠግባል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁበትና ተቀመጥኩ።

“ሙሉዬ፣ እጅሽ ይባረክ! ይኼን የመሰለ ሣር ከየት ገዛሽው?”

“ምን ብዬ እገዛለሁ?” አለች፤ “የራሳችን እያለ!”

ለጥቂት ጊዜ ምን እንዳለች አልገባኝም። ሲገባኝ ከሣሩ ላይ እሳት እንደነካው ሰው ዘልዬ ተነሣሁ። “የከለከልነውን ጥብቅ? ጥብቁን ነው የቆረጥሽው?”

“አንዲት እቅፍ ናት እኮ! ከዚያ ሁሉ ሜዳ አንድ እቅፍ ምን ያጎድላል? ደግሞስ እኔ ብቻ ነኝ?”

ባዶ እግሬን ሽቅብ ሮጥኩ። አጥሩ እንዳለ አለ። አንዱ ጋ ግን እሾሁ ተነሥቶ፣ ሰው ከገባበት በኋላ በጨዋ ደንብ ተመልሶ ተገጥሟል። ከውስጥ የሣሩ ሲሶ የለም። አያችሁልኝ? ሦስት ወር ሙሉ ላም ስጠብቅ፣ ለእንቁጣጣሽ ቤቱን የማይጎዘጉዝ ሰው እንደሌለ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎችም እንቁጣጣሽ የላቸውም መሰለኝ፣ ምንም አላሉበትም።

ቤት ለቤት ዞሬ ሣሩን ልሰበስብ ቆረጥኩ። የመጀመሪያው ቤት ስገባ “እሰይ፣ ሰብሳቢያችን! እንኳን አብሮ አደረሰን!” ብለው አንገቴን አቀፉኝ፣ ድፎ ዳቦ ቆረሱልኝ፣ ጠላ ቀዱልኝ። በበዓል ዋዜማ ዳቦውን የበላችሁለትን ሰው ከሥሩ ጉዝጓዙን ልጠቅልል ትሉታላችሁ? ጠጥቼ ወጣሁ። ሁለተኛው ቤት ቆጣ ብዬ ገባሁ፣ ጠጥቼ ወጣሁ። አራተኛው ቤት ስደርስ “ሣሩ እንዴት ያምራል!” ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ አሉ።

በመጨረሻ እትዬ የሺ ቤት ገባሁ። አዲሱ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፤ መሬቱ ግን ባዶ ነው፣ በንጹሕ ተጠርጎ ውኃ ተርከፍክፎበታል።

“እርስዎ አልጎዘጎዙም?” አልኩ።

“ሰው ሲቆርጥ አይቻለሁ” አሉ። “እኔ ከቦራ ጉሮሮ ነጥቄ ቤቴን ላሳምር?” ከዚያ ፈራ ተባ እያሉ፣ “የተረፈው ይበቃል?” ብለው ጠየቁኝ።

የጠጣሁት ጠላ ሁሉ ከራሴ ላይ በረረ። በልቤ ደጋግሜ አሰላሁት። ከእንግዲህ አንዲት ዘለላ ካልተነካች ይበቃል። “ይበቃል” አልኳቸው። እመኑኝ ልል ነበር፣ ያዝ አደረግኩት።

በማግሥቱ የበዓሉ ቀን ነጭ በነጭ ለብሼ፣ ምሳዬን እንኳ በወጉ ሳልበላ ወደ ሣሩ ወጣሁ። ሊቀመንበሩ ማጭድ ከያዙ አራት ሰዎች ጋር አጥሩ ሥር ቆሟል።

“ደህና መጣህ” አለኝ። “ነገ የአብዮት በዓል ነው። ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ። አዳራሹ ይጎዘጎዛል፣ ደረጃው ይጎዘጎዛል፣ እንግዶቹ ከመኪና ከሚወርዱበት ጀምሮ መንገዱ ይጎዘጎዛል። በል ክፈትልን።”

አስቡልኝ እስኪ። አይሆንም ብል፣ አብዮቱን ሣር የከለከለ ሰው እባላለሁ። የኢኮኖሚ አሻጥር የሚባል ነገር ነበር፤ ከዚህ ባነሰ ነገር የሄዱ ሰዎች ነበሩ፣ የት እንደሄዱ አይጠየቅም። እሺ ብል፣ ቦራ ጥር ላይ ምን ትበላለች? እትዬ የሺ ባዶ መሬታቸውን ጠርገው የተቀመጡት ታዩኝ። ፍርሃቱ ከእግሬ ተነሥቶ ሆዴ ደረሰ፤ ከሆዴ አንገቴ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ምላሴ ተፈታ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ እንዳይነኩት! መድኃኒት ተረጭቶበታል!”

“የምን መድኃኒት?”

“ተምች ገብቶበት ከመሥሪያ ቤት አምጥቼ ረጨሁበት። የተምች መርዝ።”

“መቼ?”

“ከ… ከትናንት ወዲያ።”

ሊቀመንበሩ ፊቱ አመድ መሰለ። እንዲህ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር። “ሰው ይጎዳል?” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“በጣም” አልኩ። ዋሽቼ ከጀመርኩ ላይቀርልኝ።

“ታዲያ ለምን ለሰው አልተነገረም?”

“ማስታወቂያውን ታይፕ እያደረግኩ ነበር።”

አራቱ ሰዎች ማጭዳቸውን ጥለው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ይጠርጉ ጀመር። ሊቀመንበሩ አንድ ቃል ሳይጨምር ወደ ቤቱ ቁልቁል ሮጠ። ሣሩ ተረፈ። እኔም አጥሩ ላይ ተደግፌ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ የዋሸሁትን ፈጽሜ ረስቼው።

ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደርሷል። ስወርድ ሴቶቹ በእንቁጣጣሽ ቀን ጉዝጓዛቸውን በመጥረጊያ እየገፉ ሲያወጡ፣ ሕፃናት በሳሙና ሲታሹ፣ ትናንት ያጠጡኝ ሰዎች ሲረግሙኝ አገኘሁ። ፌጦ የሌለበት ቤት አልነበረም። መርዝ ያወጣል ተብሎ ትልቅ ትንሹ ፌጦ በሎሚ ጠጣ። ሙሉነሽም በብርጭቆ ሞልታ ሰጠችኝ። ውሸት ነው ልላት ፈለግኩ፤ ግን ለሙሉነሽ የተነገረ ነገር እስከ ማታ ቀበሌ ይደርሳል። መርዝ እንደሌለ በምድር ላይ የማውቀው ብቸኛ ሰው ዓይኔን ጨፍኜ ፌጦውን ጨለጥኩት። እንደዚያ ያለ መራራ ነገር ጠጥቼ አላውቅም።

አዳራሹ በማግሥቱ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተጎዘጎዘ። ሰው ሲረግጠው ሽታው ዓይን ውስጥ ይገባል። ከበላይ የመጡት እንግዳ ንግግራቸውን ያደረጉት እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ነው። እኛም ነገሩ ልባቸውን የነካው መስሎን እንባችንን እየጠረግን አጨበጨብን።

መስከረም እንዲህ አለፈ። መኪና ዳገቱን ሲወጣ በሰማሁ ቁጥር ለእኔ የመጣ ይመስለኛል። ሊቀመንበሩ ሲያገኘኝ ዓይኔን ይሸሻል፤ ይህ ከቁጣ የባሰ አስፈራኝ። ጥቅምት ገባ፣ ሣሩ ወርቅ መሰለ፣ የማጨጃው ጊዜ ደረሰ። የኮሚቴውን አባላት ማጭድ ይዛችሁ ውጡ ብዬ ጠራሁ። አንድም ሰው አልመጣም። የተመረዘ ሣር ለላሙ ማን ያበላል?

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ የሺ ቦራን በገመድ ይዘው ቁልቁል ሲወርዱ አገኘኋቸው።

“ወዴት ነው እትዬ የሺ?”

“ገበያ።” ወደ እኔ አላዩም። “ሥጋዋ ሳያልቅ ልሽጣት እንጂ። ምን ላበላት ነው?”

ቦራ ሆዷ ግራና ቀኝ ወጥቷል። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም። “እትዬ የሺ፣ ሣሩ ንጹሕ ነው” አልኩ። “ምንም አልተረጨበትም። ዋሽቼ ነው።”

ቆሙ። “የዋሸኸው ያን ጊዜ ነው አሁን?”

“ያን ጊዜ።”

“እንዴት አድርጌ ልወቅ? አንዴ አምኜህ ጭድ አጥቻለሁ። ሁለተኛ አምኜህ ላሜን ልግደል?” ገመዱን እጃቸው ላይ ጠመጠሙት። “ነገ ስብሰባ አለ። እዚያ በሰው ሁሉ ፊት ንገር። እስከ ነገ አቆያታለሁ።”

በዳልቻ ለምን አላሳየህም ትሉኝ ይሆናል። አስቤ ነበር። ለሙሉነሽ እውነቱን ነግሬያት ዳልቻን ላወጣ ስል በረት በር ላይ ቆመች። “በላሜ አትሞክርም” አለች። “ንጹሕ ነው ካልክ በራስህ ሞክረው።” ሙሉነሽ ሳታስበው የምትናገረው ነገር ሁልጊዜ ልክ ነው።

እሑድ አንድ እቅፍ ሣር ይዤ አዳራሽ ገባሁ። ሰው ከእኔና ከሣሩ ሸሽቶ አግዳሚ ወንበሩን ለብቻዬ ለቀቀልኝ። ተራ ሳይሰጠኝ ተነሣሁ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ጓዶች” አልኩ። “በዚህ ሣር ላይ ምንም መድኃኒት አልተረጨም። የዋሸሁት እንዳይታጨድብን ፈርቼ ነው። የእትዬ የሺ ላም በጋውን የምታልፈው በዚህ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።” አንድ ጭብጥ ሣር አነሣሁና አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ድርቆሽ በልታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ላም አራት ሆድ የተሰጣት ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። አኘኩት፣ አኘኩት፣ አይደቅም፣ አያልቅም። አዳራሹ ውስጥ ከእኔ መንጋጋ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ ተነሣ። “አብዮቱን ዋሽተሃል” አለ።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ፤ አፌ ሙሉ ነው። ሙሉነሽን ፈለግኳት፤ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳለች።

“ቆይ” አለ ሊቀመንበሩ፤ “ስለዚህ ሣሩ ንጹሕ ነው?”

ነቀነቅኩ።

“በእናትህ?”

ጓድ ሊቀመንበር በእናት ሲያስምል ሰምተን አናውቅም። አንዱን ጉርሻ በግድ ዋጥኩና “እናቴ ትሙት!” አልኩ።

“ድገመው። ሌላ ጨምር። ዋጠው።”

ሌላ ጨመርኩ። ዓይኑን ከጉሮሮዬ ላይ አልነቀለም። መውረዱን ካየ በኋላ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። “ሕፃኗ ልጄ ዋዜማውን ሙሉ ሣሩ ላይ ስትድህ ነው የዋለችው” አለ፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስላል። “ይኸው አንድ ወር ፌጦ ስግታት። በሳለች ቁጥር እኔ ስሞት።”

መጀመሪያ የሳቀ ሰው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ሊቀመንበሩም ጥብቁን ቆርጦ ኖሯል! ያን ቀን አመድ የመሰለው ተቆጥቶ አልነበረም፤ እንደማንኛችንም ፈርቶ ነው። እሱም የተናገረው ነገር ዘግይቶ ገባውና ጉሮሮውን ጠረገ። “ሣሩን የቆረጠ ሁሉ ስህተት ፈጽሟል” አለ፣ “እኔም ጭምር። ሰብሳቢው ግለ ሂስ ይጻፍ። በአምስት ቅጂ፣ በታይፕ።” ሌላ ቅጣት እስኪመጣ ጠበቅኩ። አልመጣም።

እትዬ የሺ ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡ። ከእቅፌ አንዲት ዘለላ መዘዙ፣ አፋቸው ውስጥ አድርገው ትንሽ አኘኩና አጠገቤ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ልቅሶዬ መጣ። ሣሩ ጉሮሮዬ ላይ ስለነበረ ሰው ያነቀኝ መስሎት ጀርባዬን ደበደበኝ።

ሰኞ አሥራ አራቱም ቤተሰቦች ማጭድ ይዘው ወጡ። አባባ ጉተማ ጤዛው ሳይለቅ እንዳንነካው፣ ስንከምርም ጫፉን አሹለን ዝናብ እንዲያንሸራትት አድርገን እንድንከምር ሲያዝዙን ዋሉ። ክምሩ ሲሶው ስለጎደለ ትንሽ ነበር። በየቀኑ ለየላሙ እየመተርኩ ስሰጥ ክምሩ በፊቴ እያነሰ፣ እኔም አብሬ እያነስኩ ኅዳርን፣ ታኅሣሥን አለፍን። ከድርሻዬ ላይ ለቦራ እጨምር ነበር። ሙሉነሽ አይታ እንዳላየች ሆነች። የመጨረሻዋን እቅፍ ያነሣሁት የበልግ ደመና እንጦጦ ላይ በተጎተተበት ሳምንት ነው።

ቦራ ግን ከዚያ በፊት፣ ጥር አጋማሽ ላይ በሰላም ወለደች። እትዬ የሺ እንገር በሳህን ሸፍነው ይዘውልን መጡ። በሩ ላይ ቆመው፣ “ሴት ናት” አሉኝ። “ስምም አውጥቼላታለሁ።”

“ማን አሏት?”

“እመኑኝ።”

ሙሉነሽ ሳቋ እስከ ላምበረት ተሰማ። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ የሺ በራቸው ላይ ወጥተው “እመኑኝ! እመኑኝ! ነይ ግቢ!” እያሉ ዳገቱን በጩኸት ሲሞሉት ሰፈር ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ያያል። እኔም ልናገር የጀመርኩት ነገር ካለ ትቼው አፌን እዘጋለሁ። ጥጃዋ ግን በስሟ ተጠርታ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም።